ሙዚቃው ሲያልቅ ሌላ አትክፈቱ

ልጆቼ፣

30 ዓመት ስቱዲዮ ውስጥ ድምፅ ስቀርጽና ሚክስ ሳደርግ ኖሬያለሁ። ቀኑን ሙሉ ሙዚቃ ስሰማ ውዬ ማታ በምን እንደማርፍ ብዙ ወጣቶች ይጠይቁኛል። እኔም የማርፈው በሙዚቃ ነው። አሰማሙ ግን ይለያል። የምጽፍላችሁም ስለዚሁ አሰማም ነው።

ለረጅም ጊዜ እኔ ራሴ አላውቅበትም ነበር። ከሥራ ስወጣ ኢርፎን፣ ስበላ ኢርፎን፣ ስተኛ ኢርፎን። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሌሊት ጆሮዬ ውስጥ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደኝ። ለስለስ ባለ ፒያኖ የጀመረው ፕሌይሊስት መሃል ላይ ድንገት ከበሮ ይዞ መጣ። ልቤ እየደለቀ ብድግ አልኩ። ሰዓቱን ሳይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ሰው ሲያሳድደኝ ያደረ ይመስል ላብ አጥምቆኛል። እስኪነጋ ዳግም ዓይኔን አልከደንኩም። ጆሮ እኛ ስንተኛም ነቅቶ የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። ድንገተኛ ድምፅ ሲሰማ መላውን ሰውነት ይቀሰቅሳል።

ስለዚህ ማታ የምትሰሙትን አስቀድማችሁ ምረጡ። በመጀመሪያ ፍጥነቱን ተመልከቱ። ያረፈ ሰው ልብ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። ለእረፍት ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ሙዚቃ ደግሞ በደቂቃ ከ60 እስከ 80 ምት ያለው ነው። ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም። በእግራችሁ እየመታችሁ 15 ሰከንድ ቁጠሩና በ4 አባዙት። ከ15 እስከ 20 ከመታችሁ ልክ ነው።

ነገሩ የሚሠራው በአብዛኛው በትንፋሽ በኩል ነው። ሙዚቃው ዝግ ሲል ትንፋሻችሁም ሳይታወቃችሁ ዝግ ይላል። ትንፋሽ ዝግ ሲል፣ በተለይ አየር የምታስወጡበት ጊዜ ሲረዝም፣ ከአንጎል ተነስቶ እስከ ልብና ሆድ የሚወርደው ቬገስ የሚባል ነርቭ ልብን ያረጋጋል። የተወጠረ ትከሻ የሚላላው ያኔ ነው።

ግጥም ያለውን ዘፈን ለቀን አቆዩት። ዘፈን መጥላቴ አይደለም፤ እንጀራዬ እኮ እሱ ነው። ግን ቃል ሲመጣ አእምሮ ይከተለዋል። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት ትዝ ይለኛል። እንቅልፍ የሚያስቸግራቸው 94 ተማሪዎች ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ከ19 እስከ 28። አንዱ ቡድን ለ3 ሳምንት ማታ ማታ 45 ደቂቃ ረጋ ያለ ሙዚቃ ሰማ። ሌላው በዚያው ሰዓት በድምፅ የተነበበ መጽሐፍ አዳመጠ። ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም። እንቅልፉ የተሻሻለለት ሙዚቃ የሰማው ቡድን ነው። እኔ ከዚህ የምረዳው ለደከመ ጭንቅላት ተጨማሪ ወሬ እንደማይጠቅመው ነው።

የምትወዱት ዘፈን ሁሉም አያሳርፍም። የተለያችሁትን ሰው የሚያስታውስ ዜማ የቱንም ያህል ቢለሰልስ እንቅልፍ ይነሳችኋል። «የማረፊያ ሙዚቃ» ተብሎ የተለጠፈበት ሁሉም ለእናንተ አይሆንም። የዋሽንት ድምፅ የሚያናድዳችሁ ከሆነ ተዉት፣ በግድ ማረፍ የለም።

ድምፁን ቀንሱ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ጣሪያ 80 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ሆኖ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው። ለማታ ይህም በጣም ይበዛል። ክፍሉ ውስጥ ሰው በሹክሹክታ ቢያናግራችሁ መስማት ከቻላችሁ በቂ ነው።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደምወደው ነገር ልምጣ።

በሥራዬ ደስ የሚለኝ የሙዚቃው መጨረሻ ነው። ጣቴን ፌደሩ፣ ማለትም የድምፅ መጠን መቀነሻው፣ ላይ አሳርፌ በቀስታ ወደ ታች እስበዋለሁ። የመጨረሻዋ የፒያኖ ድምፅ እየሳሳች፣ እየራቀች ትሄዳለች። የት ላይ እንዳለቀች መናገር አይቻልም። ስቱዲዮው ውስጥ ያለን ሁሉ ትንፋሻችንን ይዘን እንከተላታለን። ከዚያ አንዱ በረጅሙ ይተነፍሳል። ለጥቂት ጊዜ ማንም አይናገርም። ያችን ዝምታ ሺህ ጊዜ አይቻታለሁ፤ ሁልጊዜም የሰዉ ፊት ይፈታል።

በ2006 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ይህንኑ በመሣሪያ ለክተውት ነበር። ለ24 ሰዎች የተለያየ ዓይነት ሙዚቃ እያሰሙ መሃል ላይ የ2 ደቂቃ ዝምታ አስገቡ። በዚያች ዝምታ የልብ ምታቸውም፣ የደም ግፊታቸውም፣ አተነፋፈሳቸውም ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት ከነበረው በታች ወረደ። ሳነበው የስቱዲዮዬ ሰዎች ፊት ነው የታየኝ።

አውቶፕሌይ፣ ማለትም ስልኩ በራሱ ቀጣዩን ሙዚቃ የሚከፍትበት አሠራር፣ ይህችን ዝምታ ነው የሚወስድባችሁ። አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይተካል። ሰውነታችሁ ሊያርፍ ሲል እንደገና ይጠራል።

እንቅልፍ ማጣቱ ወይም ጭንቀቱ ለሳምንታት ካልለቀቃችሁ ግን ሐኪም ጋ ሂዱ። ሙዚቃ ሕክምናን አይተካም፣ ይህን ከልቤ ነው የምላችሁ።

ዛሬ ማታ ግን ይህችን ሞክሩልኝ። 20 ደቂቃ ገደማ የሚሆን፣ ቃል የሌለው፣ ዝግ ያለ ሙዚቃ ምረጡ። አውቶፕሌዩን አጥፉ። ስልኩን እጃችሁ የማይደርስበት ቦታ ገልብጣችሁ አስቀምጡት። መብራቱን ቀንሱና ጋደም በሉ። የመጨረሻዋን ድምፅ እስክትጠፋ ተከተሏት። ከጠፋች በኋላም 2 ደቂቃ እንዳላችሁ ቆዩ።