ለሥነ ልቦና ትምህርት ክፍል ምን ዓይነት ቤተ ሙከራና ምን ዓይነት ቴክኖሎጂ? ጥያቄና መልስ

በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ አካባቢ ባሉ ኮሌጆች ሥነ ልቦና የምትማሩና የምታስተምሩ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች በተራ እመልሳለሁ። እኔ የአንድ የሥነ ልቦና ትምህርት ክፍል ቤተ ሙከራ ኃላፊ ነኝ።

ጥያቄ፦ ኮሌጃችን ለቤተ ሙከራ ወደ ዋናው መንገድ የሚያይ አንድ ክፍል ሰጥቶናል። ገንዘባችን ጥቂት ስለሆነ በቅድሚያ ምን ብንገዛ ይመክሩናል?

መልስ፦ ከመግዛታችሁ በፊት ክፍሉን በጓሮ በኩል ካለ ክፍል ጋር ለመቀየር ሞክሩ። የቃላት ዝርዝር በቃሉ እንዲይዝ የተጠየቀ ተሳታፊ የታክሲ ረዳት «ፒያሳ! ፒያሳ!» ሲል እየሰማ ከሆነ፣ የተለካው የማስታወስ ችሎታው ይሁን የመንገዱ ጫጫታ መለየት አይቻልም። ቅያሬው ካልተሳካ ወፍራም መጋረጃ፣ በበሩ ሥር የሚለጠፍ ጎማና በር ላይ የሚሰቀል «ጥናት ላይ ነን» የሚል ጽሑፍ ይግዙ። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዊልሄልም ቩንት በ1879 እ.ኤ.አ. በላይፕዚግ ቤተ ሙከራውን ሲከፍት ኮምፒውተር የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሁኔታዎችን መቆጣጠር ግን ያኔም የሥራው መሠረት ነበር።

ጥያቄ፦ የስታቲስቲክስ ትንተና ሶፍትዌር የሆነውን የኤስፒኤስኤስን ፈቃድ መግዛት አልቻልንም። አማካሪዬ ደግሞ ያለ እሱ አይሆንም ይላሉ።

መልስ፦ ጃስፕና ጃሞቪ በነፃ የሚገኙ ናቸው፤ የኤስፒኤስኤስን ፋይልም ይከፍታሉ። ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚያስፈልጉትን የተለመዱ ትንተናዎች በሙሉ ይሠራሉ። ውጤቱን ለአማካሪዎ አሳይተው በጥናቱ ዘዴ ምዕራፍ የሶፍትዌሩን ስምና የእትሙን ቁጥር ይጥቀሱ። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞረውን ያለ ፈቃድ የሚሠራ የኤስፒኤስኤስ ቅጂ ግን ይተዉት፤ ከሕጉም በላይ ይዞት የሚመጣው ቫይረስ የሙሉ ክፍሉን ኮምፒውተር ያስቆማል።

ጥያቄ፦ በቆዩ ኮምፒውተሮች የምላሽ ፍጥነት መለካት ይቻላል? ጥናቴ በአማርኛ ነው።

መልስ፦ ይቻላል። ሳይኮፓይ ወይም ኦፕን ሰሳሚ የተባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ይበቃሉ። ሆኖም ተራ ስክሪን በሰከንድ 60 ጊዜ ስለሚታደስ አንድ ምስል የሚቆየው ቢያንስ 16.7 ሚሊሰከንድ ያህል ነው፤ የቁልፍ ሰሌዳውም የራሱን መዘግየት ይጨምራል። ይህ መዘግየት በተለይ የሚጎዳው አንዱን የጥናት ቡድን በአንድ ኮምፒውተር፣ ሌላውን በሌላ ስንፈትን ነው። ስለዚህ ሁሉንም ተሳታፊዎች በአንድ ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጡ።

የአማርኛው ጉዳይ ብዙዎች ሳያስተውሉት የሚያልፉት ነው። በተለመደው አጻጻፍ አንድን ፊደል ለማውጣት ብዙ ጊዜ ሁለት ቁልፍ መምታት ስለሚያስፈልግ ተሳታፊው ቃል እንዲጽፍ ከተጠየቀ የሚለካው የትየባ ልምዱ ነው፤ መልሱ በሁለት ቁልፎች ብቻ የሚሰጥ ይሁን። የቀለም ስሞች በተለያየ ቀለም ተጽፈው የሚቀርቡበትን የስትሩፕ ፈተና የምትሠሩም «ቀይ» ሁለት፣ «ሰማያዊ» አራት፣ «አረንጓዴ» አምስት ፊደል መሆናቸውን አትርሱ፤ የቃሉ ርዝመት ራሱ የምላሹን ፍጥነት ሊለውጥ ስለሚችል የእንግሊዝኛውን ፈተና ቃል በቃል መገልበጥ አያዋጣም።

ጥያቄ፦ የአንጎል ሞገድ መለኪያ መሣሪያ በእርዳታ ሊሰጠን ነው። እንቀበል?

መልስ፦ የሚጠግነው ባለሙያና በየጊዜው የሚያልቁ ዕቃዎቹን የሚገዛ በጀት ካለ ብቻ። መሣሪያው የሚለካው በማይክሮቮልት የሚቆጠር ምልክት ስለሆነ የግድግዳው 50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ ሳይቀር ይረብሸዋል። ባለሙያውና በጀቱ ከሌሉ ለጉብኝት ቀን ብቻ ከሽፋኑ የሚወጣ ዕቃ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የአእምሮ ችሎታ ፈተናዎችን ፎቶ ኮፒ አድርገን ለተማሪዎች ብናድል?

መልስ፦ በፍጹም አይሆንም። ጥያቄዎቹ አደባባይ ከወጡ ፈተናው ዋጋ ያጣል። በሚቆለፍ ቁም ሣጥን ይቀመጡ፤ የወሰደና የመለሰ በመዝገብ ይፈርም። በ1938 እ.ኤ.አ. እንደወጣው የሬቨን ፈተና በሥዕል ብቻ የቀረቡትም ቢሆኑ በሌላ አገር ሕዝብ ላይ በተዘጋጀ የንጽጽር መለኪያ ለአንድ የአዲስ አበባ ልጅ ደረጃ መስጠት አደገኛ ነው። ለትምህርት ማሳያ ሲባል አስተማሪው ተመሳሳይ ጥያቄዎችን ራሱ ቢያዘጋጅ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የምክር አገልግሎት ልምምዳችንን በስልክ ብንቀርጽስ?

መልስ፦ የግል ስልክ ቅጂውን በራሱ ወደ ኢንተርኔት ሊልክ ይችላል፤ ተማሪው ስልኩን የሸጠ ዕለት ደግሞ የባለጉዳዩ ምስጢር አብሮ ይሸጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ጉዳዩ የሕግም ጥያቄ ሆኗል። የትምህርት ክፍሉ ንብረት የሆነ፣ ከኢንተርኔት ጋር ያልተገናኘ መቅረጫ ተጠቀሙ፤ የባለጉዳዩን የጽሑፍ ፈቃድ አስቀድማችሁ ውሰዱ፤ ቅጂው የሚጠፋበትንም ቀን እዚያው ላይ ጻፉ። በአንድ በኩል ብቻ የሚያሳይ መስታወት ካላችሁ ቀረጻ ላያስፈልግም ይችላል፤ በተመልካቾቹ ክፍል መብራት ከበራ ግን ባለጉዳዩ ያያችኋል፤ ስለዚህ መብራቱን አጥፍታችሁ ግቡ፣ በልምምዱ መካከልም ስልካችሁን አታብሩ።