እንዶድ ለላም ይጠጣል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ፎገራ ነው፤ ከብቶቼም ጣና ዳር ይውላሉ። የምትታለብ ላሜ ከሳች፣ ወተቷም ቀነሰ። ከመንጋጋዋ ሥር ውኃ የቋጠረ እብጠት አለ። ጎረቤቶቼ «እንዶድ ወቅጠህ አጠጣት፣ ትሉን ያወርድላታል» ይሉኛል። ላጠጣት?

መልስ፦ አያጠጧት።

ምልክቱ የጉበት ትል ይመስላል። ሌሎች የሆድ ትሎችም እንዲህ ያሳብጣሉ፤ ስለዚህ ላሟን ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይውሰዷት፣ እበቷም ይመርመር።

ጎረቤቶችዎ ግን ከመሬት ተነስተው አልተናገሩም። እንዶድ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የሚባል ነገር ስላለው ነው። ይኸው ነገር ቀንድ አውጣ ይገድላል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ነው በቀንድ አውጣ ለሚተላለፈው ለቢልሃርዚያ በሽታ መከላከያ ያጠኑት። የጉበት ትልም ቀንድ አውጣ ውስጥ ሳያድግ ከብት አይዝም። ነገር ግን ውኃ ውስጥ ያለን ቀንድ አውጣ መግደልና ላሟ ጉበት ውስጥ የተቀመጠን ትል መግደል ለየቅል ናቸው።

እንዶድ ሲጠጣ ሆድ ዕቃን ያቆስላል፣ ክፉኛ ያስቀምጣል። ደም ውስጥ ከገባ ቀይ የደም ሴሎችን ያፈርሳል። የከሳች ላም ይህን አትችልም። መጠኑስ? የአንዱ ቁጥቋጦ ፍሬ ከሌላው፣ ጥሬው ከበሰለው ይለያል። «አንድ ጭብጥ» ብሎ ልክ የለም። ሰውም ቢሆን እንዶድ ጠጥቶ የሞተ አለ።

«እንግዲያው ውኃው ላይ ልጨምረው» እንዳይሉኝ። ቀንድ አውጣ የሚገድለው መጠን ዓሣም ይፈጃል። ከጉማራ ወይም ከርብ በሚገናኝ ውኃ ላይማ በጭራሽ! በክረምት የጣና ዓሦች እንቁላል ለመጣል ሽቅብ የሚወጡት በነዚሁ ወንዞች ነው። ኃይሉም በጥቂት ቀናት ይጠፋል፤ ቀንድ አውጣው ተመልሶ ይራባል።

መድኃኒቱን ሐኪም በክብደቷ ልክ ይስጣት። አልበንዳዞል ከሆነ ያደገውን ትል እንጂ ጨቅላውን ስለማይገድል፣ መቼ እንደሚደገም ይጠይቁ። እርጉዝ ከሆነች አስቀድመው ይንገሩ። ወተቷ ለስንት ቀን እንደማይጠጣም ሳይጠይቁ እንዳይመለሱ፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ከጥቅምት ጀምሮ ሐይቁ ሲሸሽ የሚያቆጠቁጠው ለምለም ሣር ያጓጓል። የትሉ ዕጭ የሚጣበቀው ግን እሱው ላይ ነው። ከቻሉ ከፍ ካለው መሬት ያግጧት፤ ውኃም ቀድተው በገንዳ ያጠጧት።

ምናልባት እንዶዱን አጠጥተዋት ከሆነ ሌላ ነገር አይጨምሩባት። ካስቀመጣት፣ ካዝረበረባት ወይም ሆዷ ከተነፋ ዛሬውኑ ሐኪም ይጥሩ፤ ምን ያህል እንደጠጣችም አይደብቁት።