ሰርቮ ይጫናል ወይስ ይገጠማል?

ጥያቄ፦ ትርፍ ጊዜዬን በሬዲዮ የሚበሩ ትናንሽ አውሮፕላኖችን በመሥራት አሳልፋለሁ። አሁን ለእህቴ ልጅ አሠራሩን በአማርኛ እየጻፍኩለት ነው። «ሰርቮውን ጫን፤ ከዚያ የስሮትሉን ሊንኬጅ ጫን» ብዬ ጻፍኩና ሳነበው ጆሮዬን ቆረቆረኝ። ሰርቮ በሬዲዮ ትእዛዝ ክንዱን የሚያዞር ትንሽ ሞተር ነው፤ ስሮትል የአውሮፕላኑን ሞተር ጉልበት የሚጨምረውና የሚቀንሰው ክፍል፣ ሊንኬጅ ደግሞ ሁለቱን የሚያገናኘው ዘንግ ነው። ምን ልበል?

መልስ፦ ጆሮዎ ልክ ነው። «ጫን» እዚህ የገባው ከስልክና ከኮምፒውተር ነው። አፕ ይጫናል፤ ለምደነዋል፣ እኔም እለዋለሁ። ወደ ዕቃ ሲመጣ ግን ቃሉ የድሮ ሥራውን አልተወም። እህል አህያ ላይ ይጫናል፣ ሲሚንቶ አይሱዙ ላይ ይጫናል። «ሰርቮውን አውሮፕላኑ ላይ ጫን» ሲባል ሰርቮው ጭነት ሆኖ ቁጭ ይላል።

እንዲህ ስጠራጠር ተቃራኒውን እፈልጋለሁ። የተጫነ ነገር ይራገፋል። ሰርቮው ተበላሽቶ ሲያወጡት «አራገፍኩት» ይላሉ? አይሉም። «ፈታሁት» ወይም «ነቀልኩት» ነው የሚሉት። እንግዲያው መጀመሪያም የተገጠመ እንጂ የተጫነ አልነበረም።

ሥራውን ቀረብ ብለን ስናየው ደግሞ አንድ ግሥ አይበቃውም። ሰርቮው እንጨቱ ላይ በተቆረጠለት ክፍተት ይገባል። አራቱ ቀዳዳዎቹ ላይ ጎማ ይደረግና በብሎን ይታሰራል። ሽቦው የሬዲዮውን ትእዛዝ የሚቀበለው ሪሲቨር ላይ ይሰካል። ዘንጉ በአንድ ጫፉ ከሰርቮው ክንድ፣ በሌላው ለሞተሩ አየርና ነዳጅ ከሚያቀላቅለው ከካርቡሬተሩ ክንድ ጋር ይያያዛል። ይህ ሁሉ ተጠቃሎ ሲጠራ ነው «መግጠም» የሚባለው። «እሰር» በሚሉበት ቦታ ግን «ጎማው እስኪጨፈለቅ አታጥብቅ» የሚል ይጨምሩበት። ጎማው የሚደረገው የሞተሩን ንዝረት እንዲውጥ ነው፤ ከተጨፈለቀ አይውጥም።

ስሞቹስ? «ሰርቮ» እንዳለ ይቅር። ሥሩ በላቲን ባሪያ ወይም አገልጋይ ማለት ነው፤ ቢሆንም «አገልጋይ ሞተር» እንዲሉ አልመክርም። ልጁ ሱቅ ገብቶ በዚህ ስም ቢጠይቅ ማን ይሰማዋል? ካንዴላና ፍሪሲዮን ከጣሊያንኛ መጥተው የኛ ሆነዋል፤ ሰርቮም ይሆናል። «ስሮትል» ግን አያስፈልገንም። ሹፌሩ ሁሉ የሚያውቀው «ነዳጅ መስጫ» አለን። እርግጥ ካርቡሬተሩ ውስጥ የሚዞረው በርሜል አየሩንም ነዳጁንም አብሮ ነው የሚያሳልፈው። ቢሆንም ስሙ ለልጁ የሚነግረው ጥቅሙን ነው፣ ያ ይበቃል። ሊንኬጁን «የነዳጅ መስጫ ዘንግ» ይበሉት።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፍለት ነበር፦ «ሰርቮውን ግጠም። ከዚያ የነዳጅ መስጫውን ዘንግ አያይዝ። ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ስትከፍት ሰርቮው ካቃሰተ፣ ካርቡሬተሩ ጥጉ ደርሶ ቆሟል፣ ሰርቮው ግን ገና እየገፋ ነው። እንዲህ ከተተወ ባትሪ ይጨርሳል። ዘንጉን ከሰርቮው ክንድ ላይ ንቀልና ወደ ውስጠኛው ቀዳዳ አዛውረው።»