«ሰው እወዳለሁ» ብቻውን አያስቀጥርም

ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው፦ በመስተንግዶና ቱሪዝም ትምህርት የመጨረሻው ዓመት ላይ ነሽ፤ ለተግባር ልምምድ የምትወጪበት ጊዜ ደርሷል። ሆቴል ልግባ፣ ትልቅ መደብር ወይስ የጉዞ ወኪል ዘንድ ብለሽ ገና አልቆረጥሽም። ሲቪሽ ላይ «ከሰው ጋር በቀላሉ እግባባለሁ፣ በቡድን መሥራት እወዳለሁ» ከሚለው ሌላ የምትጽፊው አላገኘሽም። በዚህ ላይ መርከብ ላይ አስቀጥርሻለሁ ብሎ «የምዝገባ» ገንዘብ የጠየቀሽ ሰው አለ። የመርከቡን ነገር መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ሦስቱም ዘርፎች ሰው ፊት የሚሠሩ ናቸው፤ መመሳሰላቸው ግን እዚያው ላይ ያበቃል። ዋናው ልዩነታቸው ስህተት የሚወጣበት ጊዜ ነው። ሆቴል ውስጥ ስህተትሽ ወዲያው፣ እንግዳው ፊትሽ ቆሞ ሳለ ይታያል። መደብር ውስጥ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ወይም የዕቃ ቆጠራ ሲደረግ ይወጣል። የጉዞ ሥራ ላይ ደግሞ ከሳምንታት በኋላ፣ ደንበኛው አውሮፕላን ማረፊያ ደርሶ ሻንጣውን ካወረደ ወዲያ ይፈነዳል። ስለዚህ «የቱን እወዳለሁ» ከማለት «የቱን ዓይነት ጫና እችላለሁ» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። ሰው ሲቆጣብሽ የማትርበተበቺ ከሆነ ሆቴል ይስማማሻል። ቁጥር የማይሰለችሽ ከሆነ መደብር። አንድን ሰነድ ሦስቴ ማንበብ የማይታክትሽ ከሆነ ጉዞ። ሰዓቱንም አትርሺ፦ ሆቴል ሌሊት አይዘጋም፣ መደብርም የሚጨናነቀው ሌላው ሰው በሚያርፍበት ቀን ነው። ሌሊት መሥራት ጤናሽ ወይም የቤትሽ ሁኔታ የማይፈቅድልሽ ከሆነ ከአሁኑ ማወቁ ይሻላል።

ካልቆረጥሽ የእኔ ምክር ሆቴል ግቢ ነው፤ ያውም ከክፍል ጽዳት ጀምሪ። ተማሪ ሁሉ እንግዳ መቀበያው ጋ መቆም ይፈልጋል፤ ጽዳት የሚላከው እንደተቀጣ ይሰማዋል። ነገር ግን ሆቴል የሚሸጠው ክፍል ነው፤ ክፍሉን የማያውቅ እንግዳ ተቀባይ የሚሸጠውን ዕቃ አያውቀውም።

ሥራው ምን እንደሚመስል ቀረብ ብለን እንየው። በብዙ ሆቴሎች አንዲት ሠራተኛ በአንድ ፈረቃ ከ12 እስከ 16 ክፍል ይደርሳታል። ከስምንት ሰዓት ውስጥ ለዕረፍትና ጋሪ ለመሙላት አንድ ሰዓት ብናነሳ 420 ደቂቃ ይቀራል፤ ለ14 ክፍል ሲካፈል ለእያንዳንዱ 30 ደቂቃ ነው። እንግዳው የለቀቀው ክፍል ከዚህ በላይ ይወስዳል፣ እንግዳው ያለበት ደግሞ ያንሳል። በዚህ ጊዜ የሚያዋጣው ቅደም ተከተል ነው። አንኳኩተሽ ማንነትሽን ትናገሪያለሽ፣ ትጠብቂያለሽ፣ ደግመሽ ታንኳኪያለሽ። መጋረጃ ትከፍቻለሽ፤ ቆሻሻውንና ያገለገለውን አንሶላና ፎጣ ታወጫለሽ። ቀጥሎ መታጠቢያ ቤት ገብተሽ ማጽጃውን ትረጪና ትተይዋለሽ። እሱ ሥራውን ሲሠራ አንቺ አልጋውን ታነጥፊያለሽ፣ አቧራውን ከላይ ወደ ታች ትጠርጊያለሽ። ከዚያ ተመልሰሽ መታጠቢያ ቤቱን ታሺያለሽ። ወለሉ የመጨረሻው ነው፤ ከሩቁ ጥግ ጀምረሽ ወደ በሩ እየሸሸሽ።

አዲስ ሰልጣኞች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ማጽጃው ላይ ነው፦ ረጭተው ወዲያው ይጠርጉታል። ጀርም ለመግደል ግን ፈሳሹ መለያው ላይ የተጻፈውን ያህል ደቂቃ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት፤ ቶሎ ከተጠረገ ሽታው ብቻ ይቀራል። ሁለተኛው ስህተት መጸዳጃ የተጠረገበትን ጨርቅ ለመታጠቢያ ሳህኑ ወይም ለብርጭቆ መጠቀም ነው፤ ጨርቆቹ በቀለም የሚለዩት ለዚህ ነው። ሦስተኛው አደገኛ ነው፦ በረኪናን ከአሲድ ወይም አሞንያ ካለበት ማጽጃ ጋር ማደባለቅ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ተቆጣጣሪ ክፍል ሲያይ በቀጥታ የሚሄደው ወደ ፀጉር፣ ወደ ቴሌቪዥኑ ሪሞት፣ ወደ አልጋው ሥርና ወደማይበራ አምፖል ነው። እነዚህን አራቱን ራስሽ አይተሽ ከወጣሽ ብዙ ጊዜ አትመለሺም።

እንግዳ መቀበያው ላይ የሚፈተነው ፈገግታ ይመስላል፤ በእርግጥ የሚፈተነው ጥንቃቄ ነው። ስሙን ከመታወቂያው ጋር ፊደል በፊደል፣ የሚወጣበትን ቀን፣ የክፍሉን ዓይነት፣ የአከፋፈሉን መንገድ ታረጋግጫለሽ። የክፍሉን ቁጥር ግን ጮክ ብለሽ አትናገሪም። ቁልፉ ባለበት ወረቀት ላይ ጽፈሽ በጣትሽ ታሳያለሽ፤ አጠገብ የቆመው ሰው ማን እንደሆነ አታውቂምና። ደውሎ «እገሌ ስንት ቁጥር ነው ያለው?» የሚል ሰው ቁጥሩን አይነገረውም፤ መልእክት ትቀበይለታለሽ ወይም በሆቴሉ ደንብ መሠረት ስልኩን ታገናኛለሽ። «ቁልፌ ጠፋብኝ» የሚለውም፣ መልኩን ብታውቂው እንኳ፣ መታወቂያ ሳታዪ ሌላ ቁልፍ አይሰጠውም። ቃለ መጠይቅ ላይ ይህችን ብቻ ከነምክንያቷ ብታስረጂ ከብዙ አመልካች ትለያለሽ።

አንድ ስሌት ደግሞ ያዢ። ባለ 100 ክፍል ሆቴል 70 ክፍል በ50 ሸጠ እንበል፤ ገቢው 3,500 ነው፣ ላለው ክፍል ሁሉ ሲካፈል 35። በማግስቱ 60 ክፍል በ65 ቢሸጥ 3,900 ያገኛል፣ 39። ሁለተኛው ቀን ብዙ አልጋ ባዶ ቢያድርም የተሻለው እሱ ነው፤ የሚታጠበው አንሶላ እንኳ ያነሰ ነው። ሥራ አስኪያጆች በየቀኑ የሚያወሩት በዚህ ቋንቋ ስለሆነ ገና ሰልጣኝ ሳለሽ መልመዱ ይጠቅምሻል።

ምግብና መጠጥ ክፍል ከገባሽ ሁለት ነገር ይበቃል። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለው ባክቴሪያ የሚራባበት ክልል ነው፤ ትኩስ ምግብ ከዚያ በላይ፣ ቀዝቃዛው ከዚያ በታች ይቆያል። ብዙ ኩሽናዎች የሚከተሉት የማቀዝቀዣ ደንብ የበሰለ ምግብ በ2 ሰዓት ውስጥ ከ57 ወደ 21 ዲግሪ፣ በቀጣዮቹ 4 ሰዓታት ደግሞ ወደ 5 ዲግሪ ይውረድ ይላል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ትልቅ ድስት እንዳለ ፍሪጅ ሲገባ ነው፤ መሃሉ ለብዙ ሰዓት ሞቅ እንዳለ ይቆያል፣ ስለዚህ ወደ ዝርግ ትሪ ይገለበጣል። ሁለተኛው፦ እንግዳ «ኦቾሎኒ አለበት?» ብሎ ሲጠይቅ «ያለበት አይመስለኝም» የሚባል መልስ የለም። «ጠይቄ ልምጣ» ብቻ ነው።

ወደ መደብር ስንመጣ ተማሪዎች የማያስቡት ክፍል ሒሳቡ ነው። ገንዘብ መቀበያ ላይ የሚደርሰው ጠብ በአብዛኛው የሚነሳው ከመልስ ነው፦ ደንበኛው 100 ሰጥቶ «200 ነው የሰጠሁሽ» ይላል። መከላከያው ቀላል ነው። ብሩን ስትቀበይ መጠኑን ጮክ ብለሽ ትናገሪያለሽ፤ መልሱን ቆጥረሽ እስክትሰጪ መሳቢያው ውስጥ አትከቺውም፣ ላዩ ላይ ታስቀምጪዋለሽ። ፈረቃ ስትረከቢ የመነሻውን ዝርዝር ገንዘብ ራስሽ ትቆጥሪያለሽ፤ ሌላ ሰው ቆጠርኩት ቢልሽም። ስትዘጊ መነሻውን ቀንሰሽ የቀረውን ከማሽኑ የቀን መዝጊያ ሪፖርት ጋር ታስተያያለሽ። ጉድለት ካለ አትደብቂ፣ ከኪስሽም አትሙዪ። በኪስ የተሞላ ጉድለት ማሽኑ ላይ የገባን የዋጋ ስህተት ይሸፍናል፤ ስህተቱም ነገ ይደገማል። ትርፍ ቢገኝም እኩል ሪፖርት ይደረጋል፤ አንድ ደንበኛ መልስ ጎድሎበት ሄዷል ማለት ነውና።

ሌላው ቅናሽ ነው። በ80 ገብቶ በ100 የሚሸጥ ዕቃ ከመሸጫው አንጻር 20 በመቶ ትርፍ አለው፤ ከመግዣው አንጻር ግን የተጨመረበት 25 በመቶ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ዋጋ ላይ ይሳሳታል። ይኸው ዕቃ 10 በመቶ ቢቀነስ በ90 ይሸጣል፣ ትርፉም ከ20 ወደ 10 ይወርዳል። «ትንሽ ቅናሽ» የተባለው የትርፉን ግማሽ በላ። በመዝገብ ባለውና ቆጠራ ላይ በተገኘው መካከል ያለው ልዩነትም ሁልጊዜ ሌብነት አይደለም፤ ሲገባ በትክክል ያልተቆጠረ፣ ተሰብሮ ያልተመዘገበ፣ ጊዜው ያለፈበት አለ። ቀድሞ የገባው ቀድሞ እንዲሸጥ አዲሱን ከኋላ መደርደር የመጀመሪያ ቀን የሚሰጥሽ ሥራ ነው፤ ቀላል መስሎሽ አትናቂው።

የጉዞ ወኪል ሥራ ላይ የሚበልጠው ጉዳት የሚመጣው ከስምና ከቀን ነው። ስም በፓስፖርቱ ላይ እንደሰፈረው እንጂ ደንበኛው በስልክ እንደነገረሽ አይገባም። 03/04 ለአንዱ ሚያዝያ 3፣ ለሌላው መጋቢት 4 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሊሆን ስለሚችል ወሩን በፊደል ጻፊ። ፓስፖርቱ ከጉዞው በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቆይ መሆኑን እዪ፤ ብዙ አገሮች ይህን ይጠይቃሉ። ሁለት በረራ ስታገናኚ አውሮፕላን ማረፊያው ለመሸጋገሪያ ያስቀመጠውን ዝቅተኛ ጊዜ ፈትሺ፤ በተለያየ ትኬት የተገዙ ከሆኑ የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛው አየር መንገድ በአብዛኛው ኃላፊነት የለበትም። የቡድን ጉብኝት ዋጋ ስታወጪም በሰው ብዛት የማይለወጠውን ወጪ ለዪ። የመኪናና የአስጎብኚው ወጪ 600፣ የእያንዳንዱ ሰው ምግብና መግቢያ 40 ቢሆን፣ ለ15 ሰው ስታካፍዪ በነፍስ ወከፍ 80 ይመጣል፤ 10 ሰው ብቻ ከመጣ ግን 100። በ15 አስልተሽ ሸጠሽ 10 ሰው ከመጣ ጉብኝቱ በሙሉ 200 ይጎድላል። ስለዚህ የሚሰላው በእርግጠኝነት ይመጣል በሚባለው ትንሹ ቁጥር ነው።

አሁን ልምምዱ። ሰልጣኝ ብዙ ጊዜ የሚባክነው አንድ ቦታ ተረስቶ ነው፤ ሦስት ወር ሹካና ማንኪያ ሲወለውል ይከርማል። ይህ እንዳይደርስብሽ ከመግባትሽ በፊት የዝውውር ፕሮግራም በጽሑፍ ጠይቂ። 12 ሳምንት ካለሽ አምስቱን ክፍል ጽዳት፣ አምስቱን እንግዳ መቀበያ፣ ሁለቱን ምግብ ቤት ብትይ ይበቃል፤ አምስት ክፍል ልዙር ብትዪ ግን የትም አትሠለጥኚም። በየቀኑ ማታ ሦስት መስመር ጻፊ፦ ምን ሠራሽ፣ ስንት፣ ምን ተበላሸ። በየሳምንቱ ኃላፊሽ ይፈርምበት። አንዳንዱ ኃላፊ ሊያጉረመርም ይችላል፤ በትህትና «የትምህርት ቤት ግዴታ ነው» በይው፤ ከመዝገቡ ጋር ፊርማውም ይቀርልሻል።

ሲቪሽም ከዚህ ማስታወሻ ይወጣል። «በሆቴል ተለማምጃለሁ» የሚለው መስመር ምንም አይነግርም። «በባለ 90 ክፍል ሆቴል 10 ሳምንት፤ በመጨረሻው ወር በፈረቃ 9 ክፍል ያለ ረዳት አጽድቻለሁ፤ ከተቆጣጣሪ የተመለሱብኝ 2 ብቻ ናቸው» የሚለው ግን ቃለ መጠይቅ ያስጠራል። ቁጥሩ የራስሽ ይሁን፤ የተጋነነ እንደሆነ የሥራው ሰው በሁለተኛው ጥያቄ ያውቀዋል። «ከሰው ጋር እግባባለሁ» የሚለውን ደግሞ አውጪው፤ ቦታ ነው የሚይዘው።

ቃለ መጠይቁ ላይ አንድ ጥያቄ ጠብቂ፦ «ክፍል አስይዞ ሌሊት የመጣ እንግዳ አለ፤ ሆቴሉ ግን ሞልቷል፤ ምን ታደርጊያለሽ?» ሆቴሎች አስይዘው ሳይመጡ የሚቀሩ እንግዶች እንደሚኖሩ አስበው ካላቸው በላይ ስለሚያስይዙ ይህ ይደርሳል። ኮምፒውተሩን ወይም የቀን ፈረቃውን ጥፋተኛ ካደረግሽ ወደቅሽ። ይቅርታ ትጠይቂያለሽ፣ ታስቀምጪዋለሽ፣ ለፈረቃ ኃላፊው ትደውያለሽ፣ በተመጣጣኝ ደረጃ ሌላ ሆቴል ክፍል ይያዝለታል፣ መጓጓዣውን ሆቴሉ ይከፍላል፣ የሚደወልለት ካለ ወዴት እንደሄደ መልእክት ይቀመጣል። አንቺ በራስሽ የምትወስኚውንና ኃላፊ የምትጠይቂበትን ለይተሽ ብትናገሪ መልሱ ይሟላል። የሙከራ ፈረቃ ቢሰጡሽ ደግሞ ዋናው የሚታየው እጅሽ ባዶ በሆነበት ሰዓት የምታደርጊው ነው፤ ስልክ የምታወጪ ከሆነ ተጽፎብሻል። የማያንሸራትት ጫማ ይኑርሽ፤ ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ነው የምትውይው።

የመርከቡ ጉዳይ። የ2006ቱ ዓለም አቀፍ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት መርከብ ላይ የሚሠራን ሁሉ፣ አስተናጋጅና የክፍል ሠራተኛንም ጨምሮ፣ ይመለከታል። በዚህ ስምምነት መሠረት ሠራተኛው ለመቀጠር የሚከፈል ገንዘብ አይጠየቅም። በራሱ የሚያወጣው ለሕክምና ምስክር ወረቀት፣ ለባሕረኛ መታወቂያ ደብተርና ለፓስፖርት ብቻ ነው፤ የቪዛው ወጪ እንኳ የመርከቡ ባለቤት ነው። ስለዚህ «የምዝገባ» የሚለው ጥያቄ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። ሰውየውን የመርከቡን ስም፣ የአሠሪውን ድርጅት ስም፣ የኤጀንሲውን ፈቃድ ቁጥርና ያልተፈረመ የውል ቅጂ ጠይቂው፤ ፈቃዱን የሰጠው መሥሪያ ቤት ዘንድ ሄደሽ ቁጥሩን አረጋግጪ። እውነተኛ ቅጥር ከሆነ የእሳት መከላከል፣ በባሕር ላይ ሕይወትን የማዳን፣ የመጀመሪያ ዕርዳታና የግል ደኅንነት መሠረታዊ ሥልጠና ማስፈለጉንም ያነሳልሻል። ስለ ሥልጠናው አንድም ቃል ሳይናገር ስለ ክፍያው ብቻ የሚያጣድፍሽ ከሆነ ፓስፖርትሽን አትስጪው፤ ከሰጠሽው ዛሬውኑ ሄደሽ ተቀበይ።