ስለ ጭራቅ ሐውልቶች መገጣጠሚያ ጠይቁኝ፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን «ይህን ሁሉ ገንዘብ ከፍዬ አንገቱ ላይ መስመር ወጣበት» የሚል ሮሮ ስለበዛ ነው ይህን የጥያቄ ጊዜ የከፈትኩት። ሥራዬ የተሰበሩ የፊልም ጭራቅ ሐውልቶችን መጠገን ነው። ስለዚህ ሆድ ዕቃቸውንም አይቻለሁ። ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር። ሳጥኑን አትጣሉ። ሱፐር ግሉ አታስጠጉ። በሉ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ውድ ሐውልት ላይ መስመር መታየት አለበት እንዴ? እኔ በዚህ ዋጋ አንድ ወጥ ሆኖ ይመጣል ብዬ ነበር።

መልስ፦ አንድ ወጥ የሆነ ትልቅ ሐውልት አትጠብቅ። ቀራፂው በሸክላም ይሥራው በኮምፒውተር፣ መጨረሻ ላይ ገላው ይቆራረጣል። ክንፍ ለብቻ፣ ጅራት ለብቻ፣ ጭንቅላት ለብቻ። ለእያንዳንዱ ቁራጭ የሲሊኮን ሞልድ፣ ማለትም ማፍሰሻ ቅርጽ፣ ይሠራለታል። ከዚያ የድንጋይ ዱቄት የተቀላቀለበት ፈሳሽ ሬዚን (ፈስሶ የሚደርቅ ፕላስቲክ) ይፈስበታል። ፖሊስቶን የምትሉት እሱን ነው። ሞልዱ ብዙውን ጊዜ ሁለት ግማሽ ነው። ግማሾቹ በሚገናኙበት በኩል ሬዚኑ ሾልኮ ቀጭን ጠርዝ ይተዋል። ሠራተኛ ይፍቀዋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሰዋል።

እንግዲህ «መስመር» እያላችሁ የምትጠሩት ሦስት የተለያየ ነገር ነው። ሞልዱ የተወው ጠርዝ አለ። ፋብሪካ ውስጥ ተጣብቆ በስቱኮ የተሞላ መገጣጠሚያ አለ። እናንተ ቤት ወስዳችሁ የምትገጥሙት ደግሞ አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከታዩ ጉድለት ነው፣ ክርክር የለውም። ሦስተኛው ግን መቼም አይቀርም። ጥያቄው የት ላይ ተቆረጠ ነው።

ይህን ስናገር ሰው እንደሚሰለች አውቃለሁ፣ ግን እናገራለሁ። ሐውልትን የምመዝነው በቆራጩ ነው። የቀራፂውን ስም ሁሉም ያውቃል፣ የቆራጩን የሚጠይቅ የለም። ጥሩ ቆራጭ የጭራቁን ቆዳ ያነባል። ቅርፊት ካለው የቅርፊቱን ጠርዝ እየተከተለ ዚግዛግ ይሄዳል። ስንጥቅ ካለው በስንጥቁ ውስጥ ይገባል። ብብት፣ መንጋጋ ሥር፣ የቆዳ እጥፋት፣ የቀንድ ግርጌ፣ እነዚህ ሁሉ መደበቂያ ናቸው። ሰነፍ ቆራጭ ደግሞ ለስላሳውን ጭን መሀል ላይ ቀጥ አድርጎ ይበጥሰዋል። ከዚያ ጭራቁ ቀለበት ያጠለቀ ይመስላል። ይህን ማንም ቀለም ቀቢ አያድነውም።

ጥያቄ፦ የኔ 1/4 ነው። ትከሻው ላይ 1 ሚሊ ሜትር የሚሆን ክፍተት አለ። ትንሽ ናት፣ ልተዋት?

መልስ፦ በ1/4 መጠን 1 ሚሊ ሜትር ማለት በእውነተኛው ገላ ላይ 4 ሚሊ ሜትር የተከፈተ ቁስል ነው። ዓይን የሚረበሸው ለዚህ ነው። ግን አትቸኩል። መጀመሪያ ክንዱ እስከ መጨረሻው መግባቱን አረጋግጥ። ወደኔ ከሚመጡት «ክፍተት አለው» ከተባሉት ብዙዎቹ ሞልዳቸው ምንም አልሆነም። ችግሩ ወንዴው ላይ፣ ማለትም ወደ ውስጥ በሚገባው ጫፍ ላይ፣ የተቀባው ቀለም ነው። ወንዴውም ሴቴውም (የሚቀበለው ቀዳዳ) ቀለም ሲጠጡ ይወፍራሉ። ከዚያ ክንዱ መግቢያው ላይ ይቆማል። ሰው ደግሞ በጉልበት ይገፋዋል፣ ትከሻው ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ወደኔ ይመጣል።

ወንዴውን አየው። የሚያብለጨልጭ የተፋቀ ቦታ ካለው እዚያ ጋ ነው የሚይዘው። የማይታየውን ክፍል ብቻ፣ በደረቁ፣ ጥቂት ጥቂት ፋቀው። ግባ እያልክ አትግፋው። ደግሞም ብናኙን አትተንፍስ፣ ጭምብል አድርግ። ይህን ሁሉ ከማድረግህ በፊት ግን ፎቶ አንሣና ሻጩን ጠይቅ። አንዴ ከፋቅክ በኋላ «ቀይሩልኝ» ብትል የሚሰማህ የለም። ሳጥኑንም አትጣል። ተመላሽ ዕቃ ያለራሱ ፎም በሰላም አይደርስም።

ጥያቄ፦ የትኛው ኩባንያ ነው ምርጥ?

መልስ፦ አልመልስም። የዚያው ኩባንያ አንዱ ሐውልት እንከን የለሽ፣ ቀጣዩ ደግሞ የተሰፋ ኳስ ይሆናል። ስም አትግዙ።

ጥያቄ፦ ማስታወቂያው ላይ ያለው ፎቶ ግን ምንም መስመር የለውም። ማታለል አይደለም?

መልስ፦ ፎቶው ላይ ያለው ናሙናው ነው። አንድ ሰው ቀናት ወስዶ የጨረሰው፣ መገጣጠሚያው ተሞልቶ የተቀባ። እናንተ ጋ የሚመጣው ከሞልድ የወጣ ቅጂ ነው። ሬዚን ሲደርቅ ትንሽ ይኮማተራል። ግማሽ በመቶ ብቻ ቢኮማተር 40 ሴንቲ ሜትር ላይ 2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ክንዱና ገላው በተለያየ ቀን ተፈስሰው እኩል ካልተኮማተሩ ክፍተቱ ከዚያ ይወለዳል። ሞልዱም ያረጃል። የሲሊኮን ሞልድ ጥቂት ደርዘን ቅጂ ካወጣ በኋላ ጠርዙ ይበላል፣ መስመሩም ይወፍራል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ዝቅተኛ ተራ ቁጥር የተጻፈበት ቅጂ ይሻላል ማለት ነው?

መልስ፦ ይህ ተረት አይለቀንም። ቁጥሩ ያለው መቆሚያው ላይ ነው። መቆሚያው በራሱ ሞልድ ነው የወጣው። ገላው ከሞልዱ ስንተኛ እንደወጣ አይነግራችሁም።

ሌላ አባል፦ ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። መስመር መስመር ትላላችሁ፣ የፊልሙ ጭራቅ ራሱ እኮ የተሰፋ ልብስ ነበር! የ1954ቱን (እ.ኤ.አ.) ጎድዚላ የለበሰው ሀሩኦ ናካጂማ ነው፣ ሰው ነው። በ1979ኙ (እ.ኤ.አ.) ኤሊየን ፊልም ውስጥም ጭራቁን የለበሰው ቦላጂ ባዴጆ የሚባል ናይጄሪያዊ ነበረ። ልብሱ መገጣጠሚያ ከነበረው ሐውልቱስ ቢኖረው ምን አለበት? እንዲያውም ለፊልሙ ታማኝ ነው።

ሌላ አባል፦ ወንድሜ፣ ይህ ሰበብ ነው። እኔ ጭራቁን ነው የገዛሁት፣ የላስቲክ ልብሱን አይደለም።

የመጀመሪያው፦ አንተ ጭራቁን ትላለህ። እኔ ደግሞ ልብሱን ነው የምወደው። የጉልበቱን ሽብሽብ፣ የብብቱን እጥፋት። እሱን ካጠፋህ ምን ቀረ?

ሁለተኛው፦ ዚፕም አስቀርጽበት እንግዲህ።

መልስ፦ በቃ፣ በቃ። ሁለታችሁም አንድ ነገር ስታችኋል። በፊልም ልብሱ ይንቀሳቀሳል። ጭስ አለ፣ ጨለማ አለ፣ ካሜራው ሁለት ሰከንድ አሳይቶ ይሸሻል። ሐውልት ግን ቆሞ ይታያል፣ ለዓመታት። ቀራፂው ሆን ብሎ የልብሱን ስፌት ከቀረጸው ጥሩ ነው። ሽብሽቡ ይከተለዋል፣ ቀለሙም ያውቀዋል፣ ጥላ ይወርድበታል። የፋብሪካ ክፍተት ግን በቅርፊቱ መሀል አቋርጦ ያልፋል፣ ማንንም አይከተልም። ልዩነቱ ይኸው ነው። ስለ ልብስ ክርክሩን ሌላ ቦታ ቀጥሉት።

የመጀመሪያው፦ እሺ ጋሼ፣ ግን ዚፕ ያለው ካገኙ ይንገሩኝ።

ጥያቄ፦ ዋጋው ወደፊት ይጨምራል? ልያዘው ወይስ ልሽጠው?

መልስ፦ እኔ ጠጋኝ ነኝ። ቀጣይ።

ጥያቄ፦ ረጅም ጅራት ያለው ነው። ከጊዜ በኋላ ጅራቱ ዘመም አለና መጋጠሚያው ከላይ በኩል ተከፈተ። በፀጉር ማድረቂያ ላሙቀው?

መልስ፦ እባክህ አታሙቀው! ያ ምክር ለፒቪሲ ነው፣ ለስላሳ ፕላስቲክ ነው። ፖሊስቶን ድንጋይ የበዛበት ስለሆነ ሲያጎነብሱት ይሰበራል። ቀለሙም ያብጣል። ውስጡ ማግኔት ካለ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ተራው ኒዮዲሚየም ማግኔት ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ ጉልበቱን ያጣል።

የጅራት ነገር ካነሣህ ግን ልናገር። በአየር ላይ የተንጠለጠለ ጅራት ሲገጠም ውስጡ ብረት መኖር አለበት። ብረቱም ክብ ባይሆን ይመረጣል። ክብ ከሆነ ጅራቱ ይዞራል። አራት ማዕዘን ወይም አንድ ጎኑ የተላገ ብረት ይዞ ያቆማል። ከመግዛታችሁ በፊት የመግጠሚያውን ፎቶ ጠይቁ። የፊቱን ፎቶ ሁሉም ያሳያችኋል። እናንተ የወንዴውን ጠይቁ። ሬዚን ብቻ ከሆነና ጅራቱ ክንድ የሚያህል ከሆነ፣ ያዘመመው ገና ሳይሸጥ ነው። ለጊዜው ከሥሩ ግልጽ ድጋፍ አቁምለት።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ አዲስ ነኝ። ውድ ሐውልት ላይ መስመር መታየት አለበት?

መልስ፦ ከላይ አንብብ። የመጀመሪያው ጥያቄ ነው።

ጥያቄ፦ ክፍተቱን በሱፐር ግሉ ብሞላውስ? ቶሎ ይደርቃል።

መልስ፦ ምን ብዬ ነበር የጀመርኩት? የሱፐር ግሉ ትነት ቀለሙ ላይ ነጭ ጭጋግ ይጥላል። በጥቁር ጭራቅ ላይ ደግሞ አመድ የነፋበት ይመስላል። መፍታትም አትችልም፣ ዕቃ ስታዛውር ሳጥኑ ውስጥ አይገባልህም። መሙላት ካለብህ ሙዚየሞች ዕቃ የሚያቆሙበትን ዓይነት ሰም ተጠቀም። በትንሽ ደረቅ ቀለም አቅልመው፣ በጣትህ ጠቅ ጠቅ አድርገህ ክፍተቱ ውስጥ አስገባው። ባልወደው ብትል በጥርስ መጎርጎሪያ ይወጣል። ስቱኮ ግን ለዘላለም ነው።

ጥያቄ፦ የሲሊኮን ቆዳ ያለው ትልቅ ጭንቅላት አለኝ። ከጆሮው ኋላ መስመር አለው። በብርጭቆ ወረቀት ልፋቀው?

መልስ፦ ሲሊኮን አይፋቅም፣ ይቦጫጨቃል። ላዩ ላይም ከሲሊኮን በቀር የሚይዝ ነገር የለም። ከጆሮ ኋላ ከሆነ ሠሪው ትክክለኛ ቦታ መርጦልሃል። ተወው።

ጥያቄ፦ መብራቱ ጥሩ ነው ወይ፣ ዓይኑ ላይ ያለው?

መልስ፦ መብራት አልነካም።

ጥያቄ፦ ሳጥኑን ከከፈትኩ በኋላ መጀመሪያ ምን ልይ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ፣ በመጨረሻ። ክፍሉን አጨልም። የስልክህን መብራት አብርተህ ከጎን፣ ከገላው ጋር አስተኝተህ አብራበት። ከፊት ለፊት ብታበራ ሁሉም ለስላሳ ይመስላል። ከጎን ሲሆን ግን የሞልድ ጠርዝም፣ የተንሸራተተ መጋጠሚያም ጥላ ይጥላል። ከዚያ ጥፍርህን መስመሩ ላይ አሻግር። ጥፍሩ ካልያዘ ቀለም ነው፣ እርሳው። ከያዘ ወይ ክፍተት ነው ወይ እርከን። እርከን ማለት አንደኛው ወገን ከፍ ያለ ነው፣ እሱ በሰም አይድንም። የምታየውን ሁሉ ሳትገጥም ፎቶ አንሣ። ሳጥኑን ደግሞ…

ሌላ አባል፦ አንጥልም፣ አንጥልም።

መልስ፦ እናንተ ትስቃላችሁ። ባለፈው የተላከልኝ ክንፍ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በሦስት ቁራጭ ነው የደረሰው።

ጥያቄ፦ የኔም ሐውልት መስመር አለው ጋሼ። ኖርማል ነው?

መልስ፦ የት ላይ?

ጠያቂው፦ እ… ወገቡ አካባቢ መሰለኝ።

መልስ፦ መሰለኝ አይሠራም። መብራቱን አጥፋና፣ ስልክህን አብርተህ፣ አይተኸው ና።