ጓዛችን ግቢ ሲወጣ፦ ከድሬና ከሐረር የመጡ ጥያቄዎች

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው። ቤት የሚለቅ፣ ወደ ሌላ ከተማ የተዛወረ ወይም ዕቃ ቤቱን የሞላበት ሰው ያገለገለ ዕቃውን ግቢው ውስጥ ዘርግቶ መሸጥ ይፈልጋል። ግን ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። ትንሽ ማፈርም አለ። እኔ ሁለት ጊዜ እንዲህ ሸጫለሁ፤ ከሰው ግቢ ደግሞ ብዙ ጊዜ ገዝቻለሁ። የማውቀውን ልንገራችሁ።

“ልጄ አሜሪካ ነው ያለችው፤ እሷ ጋ ልትወስደኝ ነው። ‘እማዬ፣ ዕቃሽን ግቢ አውጥተሽ ሽጪው፣ እዚህ ያርድ ሴል እንለዋለን፣ ሁሉም ያደርገዋል’ ትለኛለች። እኔ ግን ሰፈሩ ‘ተቸግራ ነው’ እንዳይለኝ ፈራሁ። ለቁራሌ ባስረክበው አይሻልም?” (ከለገሃሬ)

እናቴ፣ ልጅዎ እውነቷን ነው። እዚያ ቅዳሜ ጠዋት ሰው ግቢው ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ የቡና ስኒውን ሲሸጥ ማንም አይገረምም። እንዲያውም 127 በሚባለው አውራ ጎዳና ዳር በፈረንጆች 1987 የተጀመረ የዓመት ሽያጭ አለ። ዛሬ ከአላባማ እስከ ሚሺጋን ይደርሳል፤ ርዝመቱ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያን ሁሉ መንገድ ሰው የቤቱን ዕቃ ይዘረጋል።

እኛስ ጋ ምን ያሳፍራል? ድሬ ባቡሩ በፈረንጆች 1902 ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሰው መጥቶ፣ ኖሮ፣ ተዛውሮ የሚሄድባት ከተማ ነች። ጓዝ ከእጅ ወደ እጅ ማለፉ ለእሷ አዲስ አይደለም። ሐሜቱን ከፈሩ ቀድመው እርስዎ ይናገሩ። “ልጄ ጋ ልሄድ ነው፣ ዕቃዬን የሰፈሬ ሰው ቢወስድልኝ ደስ ይለኛል” ካሉ ወሬው እዚያው ያልቃል።

ቁራሌውን ለመጨረሻ ያቆዩት። እሱ የሚገምተው ብረቱንና ፕላስቲኩን ነው። ሃያ ዓመት የተገለገሉበትን ድስት ድስት ብሎ የሚገዛዎት ጎረቤት ነው።

“ባለቤቴ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ፤ በሦስት ሳምንት ቤቱን እንለቃለን። ሶፋ፣ ቁም ሳጥን፣ ፍሪጅ፣ ሁለት ቬንትሌተር፣ የልጆች ልብስና የማዕድ ቤት ዕቃ አለን። ዋጋ እንዴት እናውጣ? መቼስ እንሽጥ?” (ከከዚራ)

መጀመሪያ ሰዓቱን እንያዝ። ድሬ ላይ ሰዓት የሚወስነው ሙቀቱ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ዕቃው ወጥቶ፣ ተወልውሎ፣ ዋጋ ተጽፎበት መጠበቅ አለበት። 4 ሰዓት ካለፈ ሰው ጥላ ፈላጊ ነው። ከምሳ በኋላ የሚተኛው ይተኛል፣ የሚቅመው ይቅማል። ያኔ በር የሚያንኳኳ ገዢ አትጠብቁ፤ እናንተም ዕረፉ። 10 ሰዓት ተኩል ላይ እንደገና ክፈቱ።

ቀኑ ደሞዝ በወጣ ሰሞን የሚውል ቅዳሜ ቢሆን ጥሩ ነው። የበዓል ዋዜማን ተዉት፤ ሰው ገንዘቡን ለዶሮና ለበግ ይዞታል።

ለዋጋ ታይዋን የሚባለው የድሬ ገበያ ሂዱ። እንደ እናንተ ያለ ቬንትሌተር አዲሱ ስንት እንደገባ ጠይቁ። በደንብ የሚሠራ ከሆነ ከግማሹ ጀምሩ። ልብስ፣ ሰሃንና ብርጭቆ ከሩቡም በታች ይውረድ። ይህ የእኔ ልማድ ነው፤ እስካሁን ግን አላሳፈረኝም። ሶፋውን የገዛችሁበትን ዋጋ ግን እርሱት። ገዢው የሚያወዳድረው ዛሬ ገበያ ላይ ካለው ጋር ነው፤ እናንተ ከዓመታት በፊት የከፈላችሁት ለእሱ ምኑም አይደለም።

ዋጋውን በወረቀት ፕላስተር ጽፋችሁ እያንዳንዱ ዕቃ ላይ ለጥፉ። ይህን ጉዳይ አጥብቄ ነው የምናገረው። ዓይን አፋር ሰው ዋጋ ጠይቆ ባዶ እጁን መውጣት ይከብደዋል። ተጽፎ ካየ ግን ኪሱን በልቡ አስቦ፣ ማንም ሳያውቅበት ያልፋል። ሌላም ጥቅም አለው። በአማርኛ የጠየቀውም፣ በኦሮምኛ የጠየቀውም፣ በሶማልኛ የጠየቀውም ዋጋው ያው መሆኑን በዓይኑ ያያል። ስልክና መኪና የያዘ ሲመጣ ዋጋ መጨመር ደግሞ ነውር ነው፤ ልጆቻችሁም እያዩ ነው።

“የመጨረሻውን ንገሪኝ” መባሉ አይቀርም። ስለዚህ ከአሥር አንድ እጅ ያህል ለክርክር ተዉ። ከዚያ በታች መውረድ ካልፈለጋችሁ ምራቂ ስጡ። ስድስት ሰሃን ለገዛ አንድ ጭልፋ ጣል ብታደርጉለት ከቅናሽ በላይ ደስ ይለዋል።

ፍሪጁን ከዋዜማው ጀምራችሁ ሰክታችሁ አሳድሩት። ገዢው በሩን ሲከፍት ቅዝቃዜው ፊቱን ከመታው ሌላ ማስረጃ አይፈልግም። ሲጫን ቆሞ ይሂድ። ጋድሞ ከተጫነ ግን ቤቱ ሲደርስ ቆሞ ጥቂት ሰዓታት ሳይቆይ እንዳይሰካው ንገሩት። የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቦታው መመለስ አለበት።

ሶፋውና ቁም ሳጥኑ በረንዳ ላይ ይቅሩ፤ የድሬ ፀሐይ ጨርቁንም እንጨቱንም ትጎዳዋለች። አንድ ጆግ ቀዝቃዛ ውሃና ብርጭቆዎችም አስቀምጡ። ለሚገዛውም፣ ለማይገዛውም።

“ባሌ ሞንታርቦ ተከራይተን ሰፈሩን እንጥራ ይላል። እኔ ጎረቤት እንዳይቀየመን ፈራሁ።” (ከሳቢያን)

ሞንታርቦው ይቅር። አራስ አለች፣ ሕመምተኛ አለ፣ ሌሊት ሲሠራ አድሮ የተኛ አለ። ከሁለት ቀን በፊት ግራና ቀኝ ያሉትን ቤቶች አንኳኪና ንገሪ። ቀድመው ገብተው የሚፈልጉትን ቢያዩም ጥሩ ነው። ካርቶን ላይ በትልቁ ጽፈሽ በራችሁ ላይ ለጥፊ። ባለሱቁን አስፈቅደሽ እሱም ጋ ለጥፊ፤ ሲያልቅ ራስሽ አንሺው። ጭነት የሚጠብቁ ባጃጆች መተላለፊያውን እንዳይዘጉ አንድ ልጅ ውጭ ይቁም። ዕቃው ከግቢ ወጥቶ መንገድ ላይ የሚዘረጋ ከሆነ አስቀድማችሁ ቀበሌ ጠይቁ። ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ካለ፣ ድንኳን ከተጣለ ደግሞ ሽያጩ በሳምንት ይተላለፍ። ሄዳችሁ ለቅሶ ድረሱ።

“የኤሌክትሪክ ምጣዴ አንዱ ጎኑ አያበስልም። በርካሽ ነው የምሸጠው። ችግሩን መናገር አለብኝ? ገዢ እኮ አይቶ ነው የሚገዛው።” (ከገንደ ቆሬ)

አዎ፣ መናገር አለብሽ። ምጣድ ታይቶ አይታወቅም።

ከዓመታት በፊት ቤት ከሚለቁ ሰዎች ምጣድ ገዛሁ። ክዳኑ ያብረቀርቃል፣ ሸክላው ስንጥር የለውም። ሰክተው አሳዩኝ፣ ሞቀ፣ ከፈልኩ። ሊጡ ኩፍ ብሎ ሲደርስ ምጣዱን አሰስኩት፣ የመጀመሪያውን አሰፋሁ። ክዳኑን ሳነሳ ቀኝ ጎኑ ዓይን አውጥቷል፣ ግራው እንደፈሰሰ ተኝቷል፤ ነጭ ሊጥ። ሁለተኛውን ብዙ ጠበቅኩት። ቀኙ ደርቆ ተነሳ፣ ግራው ሰፌዱ ላይ ተለጠፈ። ሦስተኛው ላይ እጄን አጣጥፌ ቆምኩ። በኋላ ሠራተኛ ገልብጦ ሲከፍተው ከሥር ሬዚስታንሱ፣ ማለትም የሚያሞቀው ሽቦ፣ ተበጥሶ ተጠምዝዟል። የጠመዘዘው ሰው እንደሚያውቅ ታውቂያለሽ። ስንት ዓመት አልፎ እንኳ እነዚያ ሰዎች ሲነሱ ትዝ የሚለኝ ያ የባከነ የጤፍ ሊጥ ነው። በዛሬ የጤፍ ዋጋ ደግሞ አስቢው።

ስለዚህ ወይ ሬዚስታንሱን አስቀይረሽ በደህና ዋጋ ሽጪው፣ ወይ ፕላስተሩ ላይ “በአንድ ጎኑ አያበስልም፣ ሬዚስታንሱ ይቀየር” ብለሽ ጻፊ። እጁ ሥራ የሚያውቅ ሰው ይፈልገዋል፤ አምነሽ በመንገርሽም ሌላውን ዕቃሽን ሳይጠራጠር ይገዛሻል። አንድ ነገር ደግሞ ለሁላችሁም፦ ምጣድን በቀጭን ኤክስቴንሽን ሰክታችሁ አታሳዩ። ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይስባል። በእኛ 220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ገደማ ነው። ቀጭኑ ገመድ ይግላል፣ ይቀልጣል፣ እሳትም ያስነሳል።

ፍራሽም እንደዚሁ ነው። ከማውጣታችሁ በፊት የስፌቱን ጠርዝና የአልጋውን መጋጠሚያ በባትሪ መብራት እዩ። ጥቋቁር ነጠብጣብ ወይም ትኋን ካለ አይሸጥም፣ በነፃም አይሰጥም። ፀሐይ ላይ ማስጣቱ ብቻ አይበቃም፤ ውስጥ ለውስጥ ይደበቃል። የምትሰጡት ፍራሽ ሳይሆን የሰው እንቅልፍ ማጣት ነው የሚሆነው።

“ገዢው በቴሌብር ላክሁ ብሎ ስክሪንሾት አሳየኝ፣ ዕቃውን ጭኖ ሄደ፣ ብሩ ግን አልገባም። ምን ማድረግ ነበረብኝ?” (ከድሬዳዋ)

በጣም አዝናለሁ። የገዢ ስልክ ላይ ያለ ምስል ደረሰኝ አይደለም፤ በቀላሉ ይቀነባበራል። ወደ ገዢው ስልክ ሳይሆን ወደ ራሳችሁ ስልክ ነው ማየት ያለባችሁ። ከቴሌብር የሚመጣው መልእክትም ሊመሰል ስለሚችል *127# ደውላችሁ ሒሳባችሁን እዩ፤ ንግድ ባንክ ከሆነ *889#። ኔትወርክ ከተጨናነቀ አብራችሁ ጠብቁ፤ ውሃውም አለ፣ ጥላውም አለ። እውነተኛ ገዢ አይቀየምም። አንተ ጋ ያለውን መልእክት ሁሉ ሳታጠፋ ይዘህ ለፖሊስ አመልክት። ዝርዝር ብርም ቀድማችሁ አዘጋጁ፤ ጠዋት የሚመጣው ሁሉ 200 ብር ይዞ ነው የሚመጣው።

“አልጋዬን ለአንድ ወጣት በ14,000 ብር ተስማምተን 2,000 ብር ቀብድ ተቀበልኩ። ማታ ሌላ ሰው 17,000 እሰጣለሁ አለኝ። ቀብዱን ልመልስለትና ለሁለተኛው ልሽጠው?” (ከድሬዳዋ)

ቀብዱን መመለስ ብቻ አይበቃም፣ ወንድሜ። ቀብድ ጨዋታ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ መስጠት ውሉ መደረጉን የሚያረጋግጥ ነው ይላል። ሌላ ስምምነት ከሌላችሁ በቀር ሰጪው ሐሳቡን ቢቀይር ቀብዱን ያጣል። ተቀባዩ ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ለልጁ የምትመልስለት 4,000 ብር ነው። ከኪስህ የሚወጣው 2,000፣ የምታተርፈው 3,000፤ ተቀንሶ የሚተርፍህ 1,000 ብር ነው። ለዚያች ብር ብለህ ባጃጅ ጠርቶ፣ ክፍሉን አጽድቶ የሚጠብቅህን ልጅ “ሌላ ሰው ወሰደው” ልትለው ነው? እኔ ብሆን አላደርገውም። አልጋው ላይ “ተሸጧል” ብለህ ለጥፍ። ወደፊት ደግሞ ቀብድ ስትቀበል መጠኑን፣ ቀሪውንና እስከ መቼ እንደምትጠብቅ በወረቀት ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ።

ሞተር ወይም ባጃጅ የሚሸጥ ካለ ይህ ሁሉ አይበቃውም፤ ውልና ማስረጃ ሄዶ መዋዋል የግድ ነው።

“እናታችን ካረፈች ስምንት ወር ሆናት። ወንድሜ ቤቱን ሊያከራየው ነው፤ ‘ዕቃውን ሁሉ ግቢ አውጥተን እንሽጠው’ ይላል። እኔ ነጠላዋን ሰው ሲጎትተው ማየት አልችልም። ልቤ ነው የደከመው ወይስ እሱ ነው የጨከነ?” (ከሐረር)

እግዜር ያጥናችሁ፣ እህቴ። ወንድምሽ የጨከነ አይመስለኝም፤ ወንዶች አንዳንዴ ሐዘናቸውን ቶሎ ቶሎ በመሥራት ነው የሚወጡት። አንቺም ልብሽ አልደከመም።

ልብሷ አይሸጥ። ታጥቦ፣ ተጣጥፎ ለሚያስፈልገው ይሰጥ፤ በሃይማኖታችሁ እንደሚደረገው። ያውም በሌላ ሰፈር ቢሆን ይሻላል፣ ነጠላዋን መንገድ ላይ ለብሶት የሚያልፍ ሰው እንዳትይ። ከቀረው ዕቃ እያንዳንዱ ልጅ መጀመሪያ አንዳንድ ነገር ይምረጥ፤ በዋጋ ሳይሆን በትዝታ። እኛ ቤት አራት ሆነን ሁላችንም የፈለግነው አንድ ነገር ነበር፣ አፉ የተሸረፈ ጀበና። ታላቃችን ወሰደችው፤ ለበዓል እሷ ቤት ነው የምንጠጣው።

ግድግዳ ላይ የሐረር ስፌት ካለ እንዳትቸኩሉ። የድሮ የእጅ ሥራ ስንት እንደሚያወጣ ስፌት የሚያውቁ እናቶችን ሳትጠይቁ ከሰሃንና ከባልዲ ጋር አታውጡት። የእኔ ምክር ቤተሰብ ውስጥ ይቅር ነው። መሳቢያዎቹን፣ የፍራሹን ሥርና የልብሱን ኪስ ሁሉ ፈትሹ። የቤት ካርታ፣ የባንክ ደብተር፣ ፎቶግራፍ፣ የዕድር ደረሰኝ እናቶች የሚያስቀምጡት እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ለሚቀረው ድስት፣ ወንበርና ጠረጴዛ ወንድምሽ ልክ ነው፤ ይሸጥ። በዚያ ቀን አንቺ ግቢው ውስጥ ባትኖሪም ማንም አይቀየምሽም።

“ሸጠን ጨርሰን የማይሠራ አሮጌ ፍሪጅ ቀረ። ቁራሌው ‘ሰሞኑን እመጣለሁ’ ብሎ ሄደ። ግቢ ውስጥ ቢቆይ ችግር አለው?” (ከድሬዳዋ)

አለው፤ ዛሬውኑ አንድ ነገር አድርጉ። ልጆች ድብብቆሽ ሲጫወቱ ፍሪጅ ውስጥ ይገባሉ። አሮጌዎቹ መቆለፊያቸው ከውስጥ አይከፈትም፤ አየር አይገባም፣ የልጅ ጩኸትም ወደ ውጭ አይሰማም። ግድግዳ ላይ አስደግፎ ማዞር ወይም በገመድ ማሰር አይበቃም። መፍቻ አምጡና የማጠፊያውን ብሎን ፈታችሁ በሩን ለብቻው አስቀምጡት። ቁራሌው ሲመጣ ሁለቱንም ይወስዳል።