የራታን ጠፍሩ ጭሶ ለሚበጠስብህ

«በኢንዶኔዥያ የፓፑዋ ደን ነዋሪዎቹ ኮሮዋዮች እንደሚያደርጉት በራታን (ወንበር በሚሠራበት ሐረግ መሰል ተክል) ጠፍር እንጨት እየፈተግኩ እሳት ላወጣ ስሞክር ጠፍሩ ጭሶ ይበጠሳል፣ ፍም ግን የለም» ላልከው፦ መበጠሱ በራሱ ጥፋት አይደለም፣ እነሱም ጋ ይበጠሳል። ዋናው ከመበጠሱ በፊት ጥቁር ብናኝ መውረዱ ነው።

እንጨቱ ቀላልና ክው ያለ ደረቅ ይሁን፤ ጥፍርህን ስትጫንበት ምልክት የሚይዝ። አንድ ክንድ ያህል ቁረጥና አንዱን ጫፍ ሰንጥቀህ አፉ እንዳይገጥም ጠጠር ሸጉጥበት። ስንጥቁ ውስጥና ከሥሩ የተፍታታ ደረቅ ልጥ አድርግ። ጠፍሩን በስንጥቁ ትይዩ ከእንጨቱ ሥር አሳልፈህ፣ እንጨቱን በእግርህ ረግጠህ፣ ሁለቱን ጫፍ ወደ ላይ እየሳብክ አፈራርቅ።

አንተን ያስቸገረህ አጭር አጭር መሳብህ ይመስለኛል። ያኔ ሙቀቱ አንዲት ቦታ ላይ ይከማችና እንጨቱ ሳይግል ጠፍሩ ይቃጠላል። ጠፍሩ አንድ ሜትር ገደማ፣ ወርዱ ግማሽ ሴንቲሜትር ይሁን፤ ውፍረቱ እኩል እስኪሆን በቢላ ፋቀው፣ ቀጭኗ ቦታ ቀድማ ትበጠሳለች። ከወንበር የተፈታ ራታን ከሆነ ደግሞ ቫርኒሹ ያንሸራትታል፣ ልጠው።

መጀመሪያ በዝግታ፣ ቦይ እስኪያወጣ። ጭሱ ሲወፍር አጥብቀህ ሳብ፣ ፍጠን። ብናኙ ቡናማ ከሆነ ሙቀት አንሷል ወይም እንጨቱ እርጥብ ነው። ጥቁር ሆኖ ጠፍሩ ቆሞም የሚጨስ ከሆነ ፍም ይዟል፤ በልጡ ሸፍነህ በቀስታ እፍ በለው።